ሽሮ የማይመጥነው የማን ልጅ ነው?
(ወሎዬዎች በብዕር ስም ስለ ልጆች ምሳ ዕቃ በጽሑፍ የተወያዩት፤ ቧንቧ ውሃ፣ ጦሳና ሰኞ ገበያ የደሴ ቦታዎች ናቸው።)

የቧንቧ ውሃዋ እናት፦
ትናንት ማታ ልጄ ከደብተሩ መካከል አጥፎ ያመጣውን የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት። «ወላጆች ለልጅ የሚመጥን ምሳ ቋጥረው እንዲልኩ እናሳስባለን፤ ሽሮና ሌላ ወጥ ነክ ምግብ ደብተር ስለሚያበላሽ፣ ክፍልም ስለሚያሸት ከሰኞ ጀምሮ አይፈቀድም» ይላል። በምሳሌነት የተዘረዘሩት ዳቦ በእንቁላል፣ ሩዝ በሥጋና ፓስታ ናቸው። የትምህርት ቤቱን ስም አላነሣም፤ ልጆቼ ነገም እዚያው ናቸው። ነገር ግን ሦስት ልጅ ምሳ ዕቃ አስይዞ የሚልክ የደሴ ቤት በየቀኑ ሦስት እንቁላልና ሦስት ዳቦ የሚገዛው በምን ሒሳብ እንደሆነ ጸሐፊው ቢያስረዳኝ ደስ ባለኝ። ሽሮዬን ክረምት ሳይገባ አዘጋጅቼ አስፈጭቻለሁ፤ ቆጥቤ ከያዝሁት እስከ ፋሲካ ያደርሰኛል። ለእንቁላሉ ግን በየማለዳው ኪሴን መፈተሽ አለብኝ። ደግሞስ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እንቁላልና ሥጋ ቋጥሩ ብሎ መጻፍ ምን የሚሉት አስተዋይነት ነው?

ጦሳ ሥር፦
እኅቴ፣ ቁጣዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ለረጅም ዓመታት ያስተማርሁ ሰው እንደመሆኔ ደብዳቤውን በበጎ ጎኑም እንዲያዩት እለምንዎታለሁ። ቦርሳ ውስጥ የተገለበጠ የሽሮ ምሳ ዕቃ ምን እንደሚያደርስ በየሳምንቱ አያለሁ። ባለፈው ወር አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪዬ የሳይንስ መጽሐፉን ሲያወጣ ዘይቱ ከጀርባው ሽፋን ጀምሮ ግማሹን ገጽ አልፎት ነበር፤ መጽሐፉ ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ የሚመለስ እንጂ የልጁ አልነበረም። «የሚመጥን» የተባለው ልጁ ያለማንም እርዳታ በእጁ ይዞ ሊበላው የሚችል፣ የማይፈስ ምግብ ለማለት ይመስለኛል። ሽሮን የናቀ ሰው የለም፤ እኔም ዛሬ የበላሁት ሽሮ ነው።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦
መምህር፣ እንዲያ ከሆነ «የማይፈስ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፤ አማርኛ ለሚፈስ ነገር ቃል አላጠረውም። «የሚመጥን» የሚለው ቃል ግን ለማዕረግ ነው የሚነገረው። ለሙሽራ የሚመጥን ልብስ፣ ለሹም የሚመጥን ወንበር ይባላል። ጸሐፊው «የተመጣጠነ» ለማለት ፈልጎ ከሆነ ሽሮ በእንጀራ ከነጭ ዳቦ ይልቅ የተመጣጠነ ነው። «ተመጣጣኝ» ለማለት ፈልጎ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን እናውቀዋለን። ሁለቱንም ትቶ «የሚመጥን» ማለቱ ልጆቹን በምሳ ዕቃቸው ሊያሰልፋቸው ስለፈለገ ነው። እርስዎ ዛሬ ሽሮ በልተዋል፤ ሽሮው ለመምህር ይመጥናል፣ ለተማሪው ግን አይመጥንም ማለት ነው?

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
ስለ ቃሉ እናንተው ተከራከሩ፤ እኔ ስለ ሩዙ አንድ ነገር ልበል። ሩዝ ከተቀቀለ በኋላ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት ሲቆይ፣ መቀቀሉ ያልገደላቸው የባክቴሪያ ዘሮች እንደገና ይራባሉ፤ የሚያወጡት መርዝም ቢያሞቁት አይጠፋም፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ማታ ተሠርቶ፣ ጠዋት ሞቅ ሞቅ ተደርጎ የታሸገ ሩዝ በሥጋ ስድስት ሰዓት ላይ ሲከፈት ደሴ ብርዱ ያድነው ይሆናል፤ እኛ ዘንድ ሙቀቱ ውስጥ ግን ቦርሳው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። የከሰዓት በኋላ ታማሚ ልጅ «ምሳህ ምን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ሽሮ ያለኝን አላስታውስም። ስለ ፕሮቲን ከተነሣ፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር ደግሞ 9 ግራም ገደማ። የእንቁላሉ ጥራት ይበልጣል፤ ምስርና ሽሮ የማይሰጡት ቢ12 አለበት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጥራጥሬና እህል አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እንጀራ በሽሮ ያው ነው። አጠገቡ አንድ ጥሬ ቃሪያ ወይም ቁራጭ ብርቱካን ቢጨመር የእንጀራው ብረት በተሻለ ሁኔታ ይሠርጻል። እናቶች በጠርሙስ የሚልኩት ሻይ ግን ያንኑ ብረት ይከለክላል፤ ደብዳቤው ሊከለክል ከፈለገ እሱን ይከልክል።

ጦሳ ሥር፦
እንግዲያው እኔም ልጠይቅ። ሁላችን እንደ ቧንቧ ውሃዋ እኅታችን በቤታችን አናስፈጭም፤ ከገበያ በኪሎ የምንገዛ ብዙ ነን። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ሽሮ ውስጥ ጓያ እንደሚቀላቀል ወሎ ውስጥ የማያውቅ አለ? ጓያ ደግሞ እግር ያሽመደምዳል። ታዲያ ርካሽ ነው ብሎ በየቀኑ ለልጅ መቋጠር ጥንቃቄ ነው?

የደላንታ ልጅ፦
መምህር፣ ስለ ጓያ ለደላንታ ሰው መንገር አይገባም፤ በ1990ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በወሎዋ ደላንታ ዳውንት ጓያ ያደረሰውን የምናውቀው እኛ ነን፤ ዛሬም በከዘራ የሚሄዱ ጎረቤቶች አሉን። ነገር ግን ያ የደረሰው ሌላው እህል ጠፍቶ ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ፣ ጠዋትም ማታም እሱው ሲበላ ነው። ከእንጀራ ጋር በቀን አንዴ የምትበላ ማንኪያ ሽሮ ውስጥ የገባች ጥቂት ጓያና የችጋር ዘመን የጓያ ንፍሮ አንድ አይደሉም። የእኛን መከራ ለሳንዱች ማስታወቂያ አታውሉብን።

ጦሳ ሥር፦
ማስታወቂያ አልሠራሁም፤ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት። ካስከፋሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የገበያ ሽሮ ምን እንዳለበት ገዢ አያውቅም የሚለው ነጥቤ ግን አልተመለሰም።

ሐይቅ ዳር፦
አብሽሩ፣ ሁላችሁም። አንድ የተዘለለ ነገር አለ። ልጄ የምትማርበት ክፍል ውስጥ ግማሹ እስላም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ ሁላችንም ወሎዬዎች ስለሆንን ምን እንደሚከተል ይገባችኋል። ልጄና አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሁለቱን ምሳ ዕቃ መካከላቸው ከፍተው ነው የሚበሉት። ሽሮ ሲሆን፣ ምስር ሲሆን፣ ድንች ሲሆን ችግር የለም። አንደኛዋ ሥጋ ይዛ የመጣች ዕለት ግን ሁለቱም ክዳናቸውን ግማሽ ከፍተው፣ ጀርባ ተሰጣጥተው እንደሚበሉ ራሷ ነግራኛለች፤ የአንዳቸውን ዕርድ ሌላዋ አትበላማ። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው «ሩዝ በሥጋ» ሲል ለልጆቹ የሚመጥነውን አስቦ ይሆናል፤ ጎን ለጎን ለተቀመጡት ሁለት ልጆች የሚመጥነውን ግን አላሰበም። እኔ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ዓሣ በቀላሉ አገኛለሁ፤ ዓሣ የዕርድ ጣጣ የለበትም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይበላዋል። ግን ልጅ ከነአጥንቱ ይዞት አይሄድም።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦
ሐይቅ ዳር፣ አላህ ይስጥዎት። «የሚመጥን» ማለት ይኼው ነው፤ ተጋርተው የሚበሉት።

ወሎዬ ከአዲስ አበባ፦
ከሩቅ ሆኜ ስከታተል ይህ ሁሉ ክርክር ስለ ክዳንና ስለ ዘይት መሆኑ ያሳዝነኛል። እዚህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆች ቁርስና ምሳ እዚያው እየበሉ ነው፤ ምሳ ዕቃ የሚያወዳድር የለም። ደሴም ይህንኑ ለምን አትጠይቅም?

የደላንታ ልጅ፦
ወንድሜ፣ እንዴት ቀላል አደረግኸው! የአዲስ አበባን በጀት ይዘህ ና፤ እኛም ድስቱን እናዘጋጃለን።

የቧንቧ ውሃዋ እናት፦
አዲስ አበባ ያለኸው ወንድማችን አንድ ነገር ረስቷል። እዚህ ብዙዎቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ስለሚያስተምሩ ልጆቹ ምሳቸውን ቤታቸው ይበላሉ። ምሳ ዕቃ የሚያስይዘው ሙሉ ቀን የሚያስተምረው የግሉ ነው፤ የግሉ ደግሞ በየወሩ እየከፈልነው ነው ሽሮአችንን የከለከለን። እኔ ነጋዴ አይደለሁም፤ ባለቤቴም ሹፌር ነው። ክፍያውን የምንችለው ከምሳው እየቆጠብን እንደሆነ አስተዳደሩ ባያውቅ እንኳ ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ሊጠይቀን ይችል ነበር።
ሐይቅ ዳር ስለ ልጆቹ ያሉት እኔም ቤት አለ። ልጄ ጓደኛው የረመዳን ጾም ላይ በነበረ ጊዜ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መልሶ አመጣው፤ ስጠይቀው «ብቻዬን አይገባልኝም» አለኝ። ስለ ሽታ ደብዳቤ የሚጽፉልን ይህንንም ቢያዩ ጥሩ ነበር።

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
መፍሰሱን በተመለከተ፦ ሽሮውን ወፍራም አድርጋችሁ፣ ዘይቱን ቀንሳችሁ፣ እንጀራውን አስቀድማችሁ ፈትፍቱት። ፍትፍቱ ወጡን ስለሚመጠው የሚፈስ ነገር አይቀርም። ምሳ ዕቃውን ሳትዘጉ እንፋሎቱ ይውጣ፤ በትኩሱ ከተዘጋ እንጀራው ይረጥባል።

ጦሳ ሥር፦
ነርሷ እንዳሉት የሚደረግ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤው ባልተጻፈ። በተግባር የማየው ግን ቀጭን ሽሮ፣ የላላ ክዳንና ከክዳኑ ሥር የተወተፈ ፌስታል ነው። ደግሜ እላለሁ፣ የተከለከለው መፍሰሱ ነው።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦
ደብዳቤው «ሽሮ» ይላል፣ መምህር። «መፍሰስ» የሚል ቃል የለበትም። እኅታችን፣ ፎቶውን እባክዎ ይለጥፉልን።

የቧንቧ ውሃዋ እናት፦
ለጥፌዋለሁ፤ የትምህርት ቤቱን ማኅተም በጣቴ ሸፍኜ ነው ያነሣሁት። ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ለሰኞ ፍትፍት ነው የምቋጥረው፤ ከመለሱት ወደ ቢሮ የሚጠሩኝ እኔን ነው፣ እሄዳለሁ።

ጦሳ ሥር፦
አነበብሁት። «ሽሮና ሌላ ወጥ ነክ» ነው የሚለው፤ ፍትፍት ወጥ ነክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን አከራካሪ ነው።

የሰኞ ገበያ ደንበኛ፦
ፍትፍት ወጥ ነክ ነው? አሁን ገና ወደ ቁም ነገሩ ገባን፤ መምህር፣ እስቲ ይግለጹልን።