ሚያዝያ 27 ወይስ መጋቢት 28? የድል ቀናችን የቱ ነው?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጃንሆይ ከስደት ተመልሰው ገቡ። አምስት ዓመት፣ ልክ በቀኑ! ደርግ ግን በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ከእሱ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ደርግ ልክ ነበር?

የጉለሌው፦ ደርግን አልወደውም፤ እዚህ ላይ ግን አልተሳሳተም። የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ከተማው ነፃ ከወጣ ወር ሊሞላው ሲል የመጣ ንጉሥ ነው የምናከብረው?

ሸዋዬ፦ ቆይ ቆይ። ያን ቀን የገባው እኮ የእንግሊዝ ጦር ነው! የአርበኞችን በዓል በሰው ቀን እናክብር? ጃንሆይም ወደው አልዘገዩም። መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ደርሰው ነበር። እንግሊዞች ናቸው ለጣሊያን ሲቪሎች ፈርተው ያቆዩአቸው።

የጉለሌው፦ ያውልሽ! ጃንሆይም መጋቢት 28 ላይ አሉበት። ደብረ ማርቆስ አይቆጠርም እንዴ? እንግሊዝ ከሆነ ችግርሽ ደግሞ፣ ሚያዝያ 27ም ሰልፉን በፈረስ የመራው ዊንጌት ነው። ትምህርት ቤት የተሰየመለት ሰውዬ።

መምህሩ፦ ልጆች፣ ጎንደር እኮ እስከ ኅዳር 1934 በጣሊያን እጅ ነበረች። ጦርነቱ ያበቃበት ቀን ይከበር ካላችሁ ሁለቱም አይሆኑም።

የአራት ኪሎዋ፦ እኔ በአያቴ ልናገር፣ ነፍሷን ይማርና። 1928ን ስታነሳ ከጣሊያን በፊት የምታወራው ስለ ጭሱ ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ከተማውን ለቀው ሲሄዱ ዝርፊያና ቃጠሎ ሆነ። የእናቷን የብር መስቀል ቡሃቃ ውስጥ፣ ሊጡ ሥር ደበቀችው። ሊጡ ኮምጥጦ እስኪሸት አላወጣችውም። በሦስተኛው ቀን ጣሊያን ገባ። አምስት ዓመት ሙሉ ሚያዝያ 27 ለእሷ ያ ሽታ ነበር። ከዚያ በዚያው ቀን ወጥታ እልል አለች። መጋቢት 28 ብትሏት ምኑም አይገባትም።

የጉለሌው፦ በአያት መጣሽብኝ፣ ምን ልበል። ግን ስሙ የአርበኞች በዓል ከሆነ፣ እንደ በላይ ዘለቀ አገር ሳይለቅ የተዋጋው ቀኑ የቱ ነው?

ሸዋዬ፦ እሱን እንኳ አላውቅልህም። የአበበ አረጋይ አርበኞች ግን ሚያዝያ 27 ጃንሆይን ከተቀበሉት ውስጥ ነበሩ።

የጉለሌው፦ ተቀባይ ሆነው ነዋ!