የሸመገለ ውሻ ይራመድ ወይስ ይረፍ?

ሳሪሴው፦
ሰላም ወገኖች። ጀርመን ሸፐርዴ 11 ዓመት ሞላው። ጠዋት ሲነሳ የኋላ እግሩ እሺ አይለውም፣ ትንሽ ካነከሰ በኋላ ነው የሚፍታታው። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ረጅም መንገድ ይዤው እወጣ ነበር፣ አሁን ግማሽ ላይ ቁጭ ይላል። ቤተሰቡ "አርጅቷል፣ ተወው ይተኛ" ይለኛል። ዝም ብሎ ተኝቶ ሳየው ግን አንጀቴን ይበላዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቦቢ እናት፦
ኧረ እንዳታስተኛው! ቀን ከሌት የሚተኛ ውሻ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ያኔ ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቅና ጭራሽ መነሳት ያቅተዋል። የቅዳሜውን ረጅም መንገድ ተወውና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አድርገው፣ ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ። ቆሞ ሲያሸት አትጎትተው፣ ለሱ ትልቁ ደስታ እሱ ነው። ከኮብልስቶን አፈርና ሣር ይሻለዋል። ፀሐይ ሳትሞቅ ደግሞ አታውጣው፣ ብርድ ይይዘዋል።

የእንስሳት ሐኪም፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው፣ ግን መጀመሪያ ይመርመር። ሸፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚበዛበት ዝርያ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ የነርቭ ይሆናል። ሲራመድ ከኋላው ሆነህ ስማው። የኋላ ጥፍሮቹ መሬት እየፋቁ የሚሄዱ ከሆነና የመሐል ጥፍሮቹ ከላይ በኩል ተበልተው ካየህ ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰደው። የእግር ጉዞው ልክ የሚታወቀው በማግስቱ ነው፦ ከበፊቱ ይበልጥ ካነከሰ በዝቶበታል፣ ቀንስለት። ኳስ መወርወር ይቅር፣ የሚጎዳው ድንገት መዞሩና መዝለሉ ነው። ከወፈረ ምግቡን ቀንስ። እባካችሁ ደግሞ የሰው ማስታገሻ አትስጡ! ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ሊገድሉም ይችላሉ። ለውሻ የተሠራ መድኃኒት አለ፣ እሱንም ሐኪም ይዘዘው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ አሜሪካ ውኃ ውስጥ የሚያራምዱበት ማሽን አለ፣ ውኃው ክብደቱን ስለሚሸከምለት መገጣጠሚያው ሳይጎዳ ጡንቻው ይሠራል። ዋጋው ግን አይቀመስም። እኛ ቤት የሠራልን ተራ ፎጣ ነው። በሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት አሳልፈህ ሁለቱን ጫፍ ከላይ ያዝ። አትሸከመው፣ ሲንገዳገድ ብቻ ደግፈው። ወንድ ስለሆነ ሽንት መሽኛው ላይ እንዳይጫነው አስተውል። ቤታችሁ ሴራሚክ ከሆነ ደግሞ መተላለፊያው ላይ ምንጣፍ አንጥፍ፣ አንዴ ካንሸራተተው ፈርቶ መነሳት ይተዋል።

ሳሪሴው፦
ተባረኩ። አሁን ወጥቼ አየሁት፣ የግራ እግሩ ጥፍሮች ከላይ ተበልተዋል። ነገ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። መኪና ላይ እንዴት ላውጣው? ከባድ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦
ለሁለት አንሱት። አንዱ ደረቱን፣ ሌላው ከታፋው ጀርባ አቅፎ፣ እኩል ብድግ። ወገቡ እንዳይታጠፍ። ሲራመድ በስልክህ ቪዲዮ ቅረጸውና ያዝ፣ ክሊኒክ ሲገቡ ስለሚደነግጡ ደህና መስለው ይራመዳሉ።