የቤት ምሳ በታይምላፕስ ስቀርጽ ቪዲዮው ብልጭ ድርግም ይላል

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ዋሪያ እንዴት ናችሁ። እህቴ ውጭ ነው ያለችው፣ የቤት ምሳ ናፈቀኝ እያለች ስታለቅስብኝ የእማዬን ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ከሚከተፍበት ጀምሮ በልተን እስክንጨርስ በታይምላፕስ (ስልኩ በየተወሰነ ሰከንዱ ፎቶ እያነሳ እንደ ፈጣን ቪዲዮ የሚያገጣጥመው) ልቅረጽላት ብዬ ተነሳሁ። ስልኩን በሽሮ ጣሳ አስደግፌ በየ10 ሰከንዱ እንዲያነሳ አድርጌ ለቀቅኩት። ማብሰሉ አሪፍ ነው የወጣው፣ 3 ሰዓቱ 36 ሰከንድ ሆነ፣ ቁሌቱ እየጠቆረ ሲሄድ ሁሉ ይታያል። ሳሎን ገብተን መሶቡን ስንከብ ግን በቃ ጭፈራ ቤት ሆነ፣ አንዴ ይጨልማል አንዴ ይበራል፣ እንጀራው አንዴ ነጭ አንዴ ቢጫ። ደግሞ 20 ደቂቃ የበላነው 4 ሰከንድ ብቻ፣ እጅ ትርምስምስ ሲል ያልቃል። ስልኩ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ከዚራ፦
የጣሪያ ቬንትሌተር በርቶ ነበር አይደል? አምፑሉ ከክንፉ በላይ ከሆነ ችግርህ እሱ ነው። ክንፉ በአምፑሉ ስር ባለፈ ቁጥር ጥላው መሶቡ ላይ ያርፋል፣ ስለሚፈጥን ለዓይን አይታወቅም፣ ካሜራው ግን አንዱን ፎቶ ከነጥላው አንዱን ያለጥላ ያነሳና 30ውን በአንድ ሰከንድ ሲያጫውተው ብልጭ ድርግም ይላል። አጥፋው። ቢጫና ነጭ የሚሆነው ሌላ ጉዳይ ነው፣ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለም የሚያስተካክለውን) አውቶ ላይ ትተኸዋል።

የሳቢያን ልጅ፦
ቬንትሌተር አጥፋ? ድሬ? በግንቦት? በቀትር? አቦ አባዬ ከመሶቡ ጋር ነው አውጥቶ የሚጥለኝ

ጀጎል፦
ሃሃሃ ድሬዎች ስታሳዝኑ፣ ወደኛ ወደ ሀረር ውጡና በንፋስ ቅረጹ። ግን ለምን ቬንትሌተር ያጠፋል፣ አምፑሉን ያጥፋ እንጂ! ቀን አይደል እንዴ፣ መስኮቱን ክፈትና መሶቡን ወደሱ አስጠጋ፣ ብርሃኑ ከጎን ከመጣ ክንፉ ምንም አይጋርደውም። እኔ አክስቴ ቤት ስቀርጽ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነበር፣ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ቤቱ ድቅድቅ ይላል፣ ህጻናቱን በከረሜላ ነው ውጭ ያስቀረኋቸው። ሌላው፣ ድስት አናት ላይ ስልክ አትስቀል፣ እንፋሎቱ ሌንሱን ጉም ያለብሰዋል፣ እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ጉም ነው የቀረጽኩት።

ካሜራማን ድሬ፦
ጀጎል ልክ ነው። የግድ አምፑል ካስፈለገህ ደግሞ ፕሮ ሞድ (ሁሉን በእጅህ የምታስተካክልበት) ግባና ሹተሩን፣ ማለት ለአንድ ፎቶ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ወደ ግማሽ ሰከንድ አዘግየው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ዝቅ አድርግ፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ክንፉ ደጋግሞ ስለሚያልፍ ጥላው እኩል ይደባለቃል፣ እጁም ትርምስምስ ማለቱ ቀርቶ እንደ ውሃ ይፈሳል። ፈጣን ሹተር ከፈለግክ 1/50 ወይ 1/100 አድርገው፣ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፑሉ ራሱ እንዳይብለጨለጭብህ። ፎከሱንም ኤክስፖዠሩንም (የብርሃን መጠኑን) ቆልፍ። ሲበላ በየ2 ሰከንዱ አንሳ፣ 20 ደቂቃ 600 ፎቶ ነው፣ 20 ሰከንድ ይወጣዋል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ አድርገው፣ መሀል ላይ ከተደወለ አለቀልህ፣ እና በዚህ ሙቀት ከነከቨሩ ቻርጅ ላይ ሰክተህ እንዳትተወው ግሎ ራሱን ይዘጋል። ከቻልክ ከላይ ቅረጸው፣ እንጀራው ከዳር ወደ መሀል እያለቀ ሲሄድ፣ እንቁላሎቹ ደግሞ እናት እስክታካፍል ማንም ሳይነካቸው መሀል ላይ ተቀምጠው፣ እሷን ነገር ከጎን አታገኛትም።

የሳቢያን ልጅ፦
እሁድ ደገምኩት። አምፑል አጠፋሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ስልኩን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ በወጣ ጣውላ በፕላስተር አሰርኩት (እማዬ ወጡ ውስጥ ቢወድቅ ብላ ስትቆጣ ነበር)። ብልጭታው ጠፍቷል፣ 20 ሰከንድ ንጹህ። 14ኛው ሰከንድ ላይ የአጎቴ መላጣ ይገባና እስከመጨረሻው አይወጣም እንጂ እንቁላሉም እንዳላችሁት ነው። ለእህቴ ላክሁላት፣ አንድ መስመር ነው የመለሰችው፦ «የኔን እንቁላል ማን በላው?»