ኦሬጋኖዬን የት ላስቀምጠው? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳ ላይ በሸክላ የተከልኩት ኦሬጋኖ (ቅጠሉ ለምግብ ማጣፈጫ የሚሆን ተክል) ግንዱ እየቀጠነ ወደ ብርሃን ይንጠራራል። ቅጠሎቹ ገርጥተው ተራርቀዋል፤ በጣት ሲታሹም ያ ኃይለኛ ሽታ የላቸውም። ፀሐይ እንዳነሰው ግልጽ ነው፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚፈልግ ተክል ነው።

የቸገረኝ ቦታው ነው። በረንዳዬ ፊቱ ወደ ሰሜን ነው። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በረንዳው ቀኑን ሙሉ ጥላ ይውላል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ወደ ሰሜን ብታዘነብልም ክረምቱ ሲገባ ደመናው ይጋርዳታል፤ ዝናቡም አፈሩን ያረሰርሰዋል። ኦሬጋኖ ደግሞ ሥሩ ላይ ውኃ ከተኛ ይበሰብሳል።

የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ደቡብ ስለሚያይ በበጋ ፀሐይ ይሞላዋል። ነገር ግን ደፉ ጠባብ ነው፤ የምድጃው እንፋሎትም ያሰጋኛል።

በየወቅቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ባዘዋውረው ይጎዳ ይሆን? ወይስ አፈሩን በአሸዋ አቅልዬ መስኮቱ ላይ ብቻ ልተወው? በእንዲህ ዓይነት ቤት ያሳደጋችሁ ካላችሁ፣ ክረምቱን የት እንዳሳለፋችሁት ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። በጣም የምወደው ተክል ስለሆነ እንዲሞትብኝ አልፈልግም።