አዳማ ላይ ባዮቻር ይከፋፈል ወይስ ኮምፖስት ይበቃል?

የመወያያ ጥያቄ፦ ከአዳማ ገበያዎች የሚወጣው የጫት ገራባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና የጣውላ ቤቶች ሰጋቱራ በሕዝብ ገንዘብ ወደ ባዮቻር (አየር ባነሰበት ከስሎ አፈር ውስጥ የሚገባ ከሰል) ተለውጦ ለመስኖ ገበሬው ይከፋፈል? ደጋፊዎቹ «አፈሩ ውሃ ይይዛል» ይላሉ። ቁጥር ይዛችሁ ግቡ።

የመስኖ ባለሙያ፦ እቃወማለሁ። በሄክታር 100 ኩንታል ተበትኖ ከላይኛው 15 ሴ.ሜ. አፈር ጋር ቢደባለቅ፣ የአፈሩ ክብደት ወደ 2,000 ቶን ስለሚሆን የባዮቻሩ ድርሻ ግማሽ ፐርሰንት ነው። የክብደቱን ሁለት እጥፍ ውሃ ያዘ እንበል፤ 20 ሜትር ኩብ። ሄክታሩ ላይ ሲዘረጋ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የበጋ ፀሐይ ከአንድ ለምለም ማሳ ላይ በቀን ከዚያ የበለጠ ትወስዳለች።

የአፈር ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ማን በትኑት አለ? ቲማቲም በ1 ሜትር የመስመር ርቀት ይተከላል። ያንኑ መጠን 20 ሴ.ሜ. ስፋት ባለው የተከላ መስመር ብቻ ብታስገባው፣ ሥሩ ያለበት አፈር ላይ 2.5 ፐርሰንት ይሆናል። አሸዋማ አፈር ላይ ደግሞ ደቃቁ ባዮቻር ሰፋፊውን ክፍተት ስለሚያጠብ ውሃው ከሥሩ በታች ቶሎ አይሰርግም። መረሬ አፈር ላይ ይህን አልልም፤ እሱ ድሮም ውሃ ይይዛል፣ የሚያገኘው ጥቅም መላላትና አየር ነው። ስለዚህ ከማከፋፈል በፊት የየቀበሌው አፈር ይለይ።

የመስኖ ባለሙያ፦ ጠቅላላ ውሃው ያው 20 ሜትር ኩብ ነው፤ ቦታ ስለቀየረ አልበዛም። በጠብታ መስኖ ወይም ችግኝ ሥር እስኪሰድ ባሉት ሳምንታት ይጠቅማል ካልከኝ እቀበላለሁ። በቦይ ለሚያጠጣው ግን ቦዩን ማስተካከል ይቀድማል።

ከብት አርቢ፦ ከደረቅ ተረፈ ምርት በባዮቻርነት የሚቀረው ሩብ ያህሉ ነው። 100 ኩንታል ለማግኘት 400 ኩንታል ይነዳል ማለት ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ቀን የበቆሎ አገዳውና የጤፍ ጭዱ ከላማችን አፍ ይነጠቃል። መኖ የሆነ ሁሉ እንደማይገባበት በጽሑፍ ይስፈር።

የባዮቻር አምራች፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ጭድ አይነካም። አሠራሩን ልናገር፣ ብዙዎች የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው። ከላይ 1.5 ሜትር ስፋት፣ 75 ሴ.ሜ. ጥልቀት ያለው፣ ወደ ታች የሚጠብ ጉድጓድ ይቆፈራል። ገራባው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ይደርቃል፤ እርጥብ ከሆነ ጭስ ብቻ ነው። እሳቱ ከታች ይለኮስና በስስ ንብርብር ይጨመራል። የላይኛው ንብርብር ነጭ አመድ መልበስ ሲጀምር ቀጣዩ ይደረባል። ነበልባሉ አየሩን ስለሚሻማ የታችኛው ሳይነድ ይከስላል። ጉድጓዱ ሲሞላ ወዲያው በውሃ ይጥፋ፤ ውሃ ከሌለ በአፈር ተደፍኖ ይደር። የዘገየ ሰው የሚያፍሰው አመድ ነው።

ከዚያ ጥቂቱን በእጃችሁ እሹት። ጥቁረቱ በውሃ ብቻ ከለቀቀ በስሏል። ቅባት ቅባት ብሎ ሳሙና ካስፈለገው ሬንጁ አልወጣም፤ እንዲህ ያለው ውሃን ይገፋል እንጂ አይስብም። የበሰለውን ርጥብ እንዳለ ጆንያ ውስጥ ረግጣችሁ ከ5 ሚ.ሜ. በታች አድቅቁት። ደረቁን መፍጨት አቧራው ለሳንባ ጠንቅ ነው።

ባዶውን ግን እንዳትቀብሩት! ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀርና ችግኙ ይቢጫል። በስፍር እኩል ኮምፖስት ቀላቅሎ፣ እያረጠቡ ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው። የጥያቄው «ወይስ» ለእኔ አይገባኝም፤ ያለ ኮምፖስት ባዮቻር አይሠራም።

አግሮኖሚስት፦ ዋናው ስጋቴ ፒኤች ነው፤ የአሲዳማነት መለኪያው ማለቴ ነው፣ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይን። ባዮቻር አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ፒኤች አለው። አፈሩ አሲዳማ በሆነባቸው እንደ ነጆ ባሉ የወለጋ አካባቢዎች ይህ በረከት ነው፤ ኖራን ያግዛል። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ብዙው ማሳ ድሮም ወደ አልካላይን ያደላል። አመድ የበዛበት ባዮቻር ሲጨመርበት ዚንክና አይረን ይታሰራሉ፣ ፎስፈረስም ይቀንሳል። ጨው የሚያስቸግረው ማሳ ላይ ጭራሽ አይሞከር።

ቲማቲም አምራች፦ የእኛ ኮምፖስት በዚህ ሙቀት በአንድ ሁለት የምርት ወቅት ያልቃል፣ ባዮቻር ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ እደግፋለሁ። የተጠራጠረ ሁለት ሀይላንድ ቂጣቸውን ቆርጦ፣ አፋቸውን በጨርቅ አስሮ ይዘቅዝቅ። አንዱ ውስጥ 1 ኪሎ የማሳውን ደረቅ አፈር፣ ሌላው ውስጥ ያንኑ ከ25 ግራም ባዮቻር ጋር ያድርግ። በየአንዳንዱ ግማሽ ሊትር አፍስሶ፣ ጠብታው ሲቆም ከታች የወጣውን ይለካ።

የአፈር ባለሙያ፦ ጥሩ ፍተሻ ነው፤ ግን የተያዘውን ሁሉ ሥር አያገኘውም፣ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የገባው እዚያው ይቀራል። ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ እንደ ትርፍ አትቁጠረው።

ከብት አርቢ፦ ገራባው ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ነው የሚጣለው። ላስቲክ አብሮ ከነደደ መርዙ ለሚያከስለውም ለአፈሩም ይተርፋል። በጀቱ ውስጥ የለቃሚዎች ደመወዝ ካልተያዘ ድምፄ ተቃውሞ ነው።