ፎስፎሪክ አሲድ የባሕር ዝገትንም ይችላል?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ሃዋሳ ብየዳ ቤት አለኝ፣ የሐይቅ ጀልባ ስጠግን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ ፎስፎሪክ አሲድ እቀባዋለሁ ቀዩ ይጠቁራል ከዛ ቀለም። አሁን ጅቡቲ ወደብ የሚሄድ የብረት መሰላል መጣልኝ፣ ይሄው ይበቃል?

መልስ፦ ኧረ አይበቃም ወንድሜ! ጥቁሩ አሲዱና ዝገቱ ተዋህደው የሚፈጥሩት አይረን ፎስፌት ነው፣ ውሃ ስለማያሟሟው ብረቱን ይሸፍናል ግን ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ የባሕር ውሃ ደግሞ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለበት፣ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ በዛች ቀዳዳ ገብቶ ይቦረቡረዋል። ላዩ ላይ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መከላከያ) የግድ ነው።

መልስ፦ ትርፍ አሲዱንም በንጹህ ውሃ አጥበህ አድርቀው፣ በተለይ የብየዳውን ስፌት። አቅሙ ካለ ግን ከመጀመሪያው ጋልቫናይዝ አስደርገው (ዚንክ አስለብሰው)፣ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፍልሃል።

ጠያቂ፦ ለካ ለዛ ነው፣ ባለፈው ስፌቱ ጥግ ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነሳብኝ፣ አላጠብኩትም ነበር። ተባረኩ!