በወቅት ብቻ ለሚበረታ የቡና ግዢ ሥርዓት «ሰርቨርለስ» ያዋጣል?

የሂርማታው (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ዞን ስድስት የእሸት ቡና መረከቢያ ጣቢያዎች ላሏቸው ነጋዴ የግዢ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠርቼ ሦስት ዓመት እየተከታተልኩት ቆይቻለሁ። መዝጋቢው ገበሬው ያመጣውን እሸት መዝኖ በስልኩ ሲያስገባ ሥርዓቱ ደረሰኝ ያወጣል፤ ለገበሬውም የጽሑፍ መልእክት ይልካል። ሁሉም የሚሠራው ጅማ ቢሮ በተቀመጠ አንድ ሰርቨር ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከቀትር በኋላ ሰርቨሩ መተንፈሻ ያጣል፤ ከየካቲት በኋላ ግን በቀን አሥር ጥያቄ እንኳ የማይደርሰውን ማሽን ስናድስና ባትሪ ስንቀይርለት እንከርማለን። አምና ኅዳር መብራት ጠፍቶ የዩፒኤሱ ባትሪ በማለቁ የግማሽ ቀን ግዢ በወረቀት ተመዘገበ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስንገለብጥ አደርን። አሠሪዬ ስለ ሰርቨርለስ ሰምተው «እኛን ይጠቅመናል ወይ?» ብለውኛል። በሥራ ላይ ያዋላችሁት ካላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ባለሌሊት ፈረቃ፦
ስሙ ያሳስታል፤ ሰርቨሩ አለ፣ የሚንከባከበው ግን በኢንተርኔት የሚያከራየው ኩባንያ (አቅራቢው) ነው። አማዞን ላምዳ የተባለውን የሰርቨርለስ አገልግሎቱን በ2014 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀ ወዲህ የተለመደው አሠራር፣ ኮዱን እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ በሚሠሩ ትናንሽ ክፍሎች (ፈንክሽኖች) ከፍሎ መጫንና ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር ለጥሪው እንዲሁም ለሠራበት ሚሊሰከንድ ብቻ መክፈል ነው። ያልተጠራ ፈንክሽን አያስከፍልም። የእርስዎ ሥራ ሦስት ወር ተጨናንቆ ዘጠኝ ወር የሚተኛ ስለሆነ ለዚህ አሠራር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለማግኘት ይከብዳል።

በግምት እናስላው። ስድስቱ ጣቢያዎች በቀን 1,800 ደረሰኝ ቢያወጡና እያንዳንዱ ደረሰኝ አምስት ጥሪ ቢያስከትል በቀን 9,000፣ በወር 270,000 ጥሪ ይሆናል። ላምዳ በየወሩ የመጀመሪያውን 1 ሚሊዮን ጥሪ አያስከፍልም፤ ከዚያ በላይ ላለው ለአንድ ሚሊዮን ጥሪ 0.20 ዶላር ይጠይቃል። አንዱ ጥሪ በ512 ሜጋባይት የኮምፒውተር ማስታወሻ (ሜሞሪ) 200 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ እንኳ የወሩ ፍጆታ 27,000 ጊጋባይት ሰከንድ (ሜሞሪው በሠራበት ሰከንድ ተባዝቶ) ነው፤ ነጻው ጣሪያ 400,000 ነው። ስለዚህ በኅዳር የሚከፍሉት ለኮዱ ሳይሆን ለዳታቤዙና ለጽሑፍ መልእክቱ ይሆናል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅም ገንዘቡ አይደለም፤ ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ለመቅጠር አቅም ለሌለው ድርጅት የማሽን እድሳቱና የደኅንነት ማሻሻያው ከትከሻ መውረዱ ነው።

ዳታቤዝ ጠባቂ፦
ባለሌሊት ፈረቃ ያሉት ልክ ቢሆንም ዳታቤዙን በአንድ ቃል ማለፋቸው አላረካኝም፤ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ጥሪ ሲበዛ አቅራቢው በርካታ የፈንክሽን ቅጂዎችን ጎን ለጎን ያስነሣል፤ እያንዳንዱም የራሱን ግንኙነት ከዳታቤዙ ጋር ይከፍታል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ቅንብሩ ሳይነካ እንደተጫነ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ብቻ ነው። ፈንክሽኑ እንዳሻው ሲሰፋ ዳታቤዙ በሩን ይዘጋል፤ ችግሩ ከቢሮው ሰርቨር ወደ ደመናው (ወደ አቅራቢው ማሽኖች) ተዛወረ ማለት ነው። ስለዚህ ወይ በመሃል ግንኙነቶችን የሚያካፍል አገልግሎት ያስገቡ፣ ወይ እንደ ዳይናሞዲቢ ያለውን በጥያቄ ብዛት የሚያስከፍል ዳታቤዝ ይምረጡ። የሂሳብ ሪፖርቶቻችሁ ብዙ ሠንጠረዥ የሚያገናኙ ከሆኑ ግን ሁለተኛውን አልመክርም።

የሂርማታው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሪፖርቶቻችን በእርግጥ ብዙ ሠንጠረዥ ያገናኛሉ፤ ስለዚህ በፖስትግሬስ እንቆያለን። አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ፦ ሁለቱ ጣቢያዎች ቀን ላይ ኔትወርክ የላቸውም። መዝጋቢዎቹ ማታ ከተማ ሲገቡ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይልካሉ።

ከአጋሮ መንገድ፦
እንግዲያው ከሁሉ በፊት መፍታት ያለብዎት እሱን ነው። የማታው ጎርፍ ለሰርቨርለስ አስቸጋሪ አይደለም፤ ደረሰኞቹ በመጀመሪያ ወደ ወረፋ (መልእክቶች ተራ ወደሚጠብቁበት ማቆያ) ገብተው ፈንክሽኑ ዳታቤዙ በሚችለው ልክ ቢያነሣቸው ይበቃል። አስቸጋሪው ድግግሞሹ ነው። የተለመደው የአማዞን ወረፋ አንድን መልእክት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደሚያደርስ እንጂ ሁለት ጊዜ እንደማያደርስ ቃል አይገባም፤ ስልኩም መልስ ካላገኘ ደግሞ ይልካል። እኛ ዘንድ የአንድ ገበሬ እሸት ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ክፍያው ሊወጣ ሲል ሂሳብ ሠራተኛዋ ባትይዘው ኖሮ ኪሳራው የእኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሰኝ ቁጥሩ እዚያው ስልኩ ላይ ይወለዳል፤ ደረሰኙ ደግሞ ቢላክም ቁጥሩ ያው ነው፤ ዳታቤዙም ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ አይቀበልም።

የክፍያውን ነገር ደግሞ ለአሠሪዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። ሂሳቡ የሚመጣው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን በብር የተያዘው በጀት መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። ራሱን እየደጋገመ የሚጠራ የተሳሳተ ኮድ በአንድ ሌሊት ሂሳቡን ሊያንረው ስለሚችል፣ በጎን የሚነሡትን ቅጂዎች ብዛት ይገድቡ፤ የበጀት ማስጠንቀቂያው ብቻውን ይነግርዎታል እንጂ አያስቆምም። የገበሬዎቹን ስም፣ ስልክና የባንክ ሂሳብ ከአገር ውጭ ከማስቀመጥዎ በፊትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከሕግ ባለሙያ ጋር ይዩት።

የሂርማታው፦
የደረሰኝ ቁጥሩን የምናወጣው እስካሁን ሰርቨሩ ላይ ነበር፤ ለካ ጉዱ እዚያ ኖሯል። ሰርቨሩን ሳንነካ በዚህ ክረምት ቁጥሩን ወደ ስልኩ አዛውራለሁ፤ የጽሑፍ መልእክት መላኪያውን ብቻ ደግሞ ወደ ፈንክሽን ቀይሬ ጥቅምትን እሞክርበታለሁ። የዳታቤዙን ነገር ታኅሣሥ ካለፈ በኋላ ተመልሼ እጠይቃችኋለሁ።